ፁማጎ፦ ነዋሪዎቿ «አንሸጥም» ያሏት የጃፓን ተራራ ከተማ

እግረ መንገደኛ

ሰላም ለቤቱ። ስለ ጃፓን ታሪክ ሲነሳ ወሬው ሁልጊዜ ሳሙራይና ጦርነት ነው። ዛሬ ስለ አንዲት ትንሽ ከተማ ላውራችሁ። ፁማጎ ትባላለች። በናጋኖ ክፍለ ሀገር፣ በኪሶ ሸለቆ፣ በተራሮች መሀል ናት። በ1843 በተደረገ ቆጠራ 418 ሰውና 83 ቤት ነበራት። ከ83ቱ ቤቶች 31ዱ የመንገደኛ ማረፊያ ነበሩ። ከሦስት ቤት አንዱ ማለት ይቻላል እንግዳ ያሳድራል! ይህን ቁጥር ካየሁ ወዲህ ስለ ከተማዋ ማንበብ አልተውኩም። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከመንገዱ ነው። ቶኩጋዋ ኢያሱ በ1600 በሴኪጋሃራ ጦርነት አሸነፈና ጃፓንን በእጁ አስገባ። በዚያ ጊዜ ልጁ ሂዴታዳ ሌላ ትልቅ ጦር ይዞ በተራራው መንገድ እየመጣ ነበር። በመንገዱ ላይ አንድ ምሽግ ከብቦ ሲታገል ቀኑ አለፈበት። ዋናው ጦርነት ሳይደርስበት አለቀ። አባቱ ማሸነፉን የሰማውም እዚሁ ፁማጎ ሲደርስ ነው። ከዚህ በኋላ ቶኩጋዋዎች መንገድን እንደ መንግሥት ዋና ሥራ ቢይዙት አይገርምም።

በ1601 በባሕሩ ዳርቻ የሚሄደውን ቶካይዶን አደራጁ። በ1602 ደግሞ በተራራው በኩል የሚያልፈውን ናካሴንዶን። ሁለቱም ኤዶን (የዛሬዋን ቶኪዮ) ከኪዮቶ ጋር ያገናኛሉ። ናካሴንዶ 530 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በላዩ 69 ማረፊያ ከተሞች ነበሩ። ፁማጎ ከኤዶ ሲቆጠር 42ኛዋ ናት። ኪሶ ሸለቆ ውስጥ ብቻ 11 ከተሞች ተደርድረዋል።

አሁን ማረፊያ ከተማ ስል አልጋ የሚከራይበት ቦታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዋናው ሥራ ጭነት ማስተላለፍ ነበር። አጋሰሱ ከአንዱ ከተማ ተጭኖ ይመጣል። እዚህ ይራገፋል። ጭነቱ በዚህ ከተማ ፈረስ ላይ እንደገና ይጫናል፣ ወደሚቀጥለው ከተማ ይሄዳል። የመጣው ፈረስ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ይህን የሚያስተባብር ቢሮ በየከተማው ነበር። የመንግሥት መልእክተኛ ፈቃዱን ካሳየ በነጻ ያልፋል። መሳፍንቱ በመንግሥት በተተመነ ዋጋ ይከፍላሉ። ተራው ነጋዴ ተስማምቶ ይከፍላል።

ማደሪያውም በደረጃ ነው። ከሁሉ በላይ ሆንጂን ይባላል። ለመሳፍንት፣ ለቤተ መንግሥት ሰዎችና ለከፍተኛ ሹማምንት ብቻ የተፈቀደ ነው። ተራ ሰው ገንዘብ ቢኖረውም አይገባም። ቀጥሎ ዋኪሆንጂን አለ፤ ሆንጂኑ ሲሞላ የሚያግዝ፣ መኳንንት ሳይኖሩ ግን ሌላ እንግዳ የሚቀበል። ከዚያ በታች ሃታጎ የሚባሉት የሕዝብ ማረፊያዎች ናቸው። እነዚያ 31ዱ እነዚህ ናቸው።

በመንገዱ ላይ ይህን ሁሉ እንቅስቃሴ የፈጠረው አንድ ሕግ ነው። ከ1635 ጀምሮ እያንዳንዱ መስፍን አንድ ዓመት ኤዶ፣ አንድ ዓመት በግዛቱ እንዲኖር ታዘዘ። ሚስቱና ልጆቹ ግን ኤዶ ይቀራሉ፣ እንደ መያዣ። ስለዚህ መስፍኑ አጃቢውን አሰልፎ ይመጣል፣ ይሄዳል። ወጪው ያደክመዋል። ለማመፅ የሚተርፍ ገንዘብ የለውም። መንገድና ማረፊያ ከተማ የዚህ ፖለቲካ እጅና እግር ነበሩ ብዬ ነው የማምነው።

የቀረውን እየተጠያየቅን እንቀጥል።

ጥያቄ አለኝ

በጣም አሪፍ ርዕስ ነው። አንድ ነገር አልገባኝም። የባሕሩ መንገድ እያለ ሰው ለምን ተራራ ይወጣል? በረዶ አለ፣ ገደል አለ። ሜዳው አይሻልም?

እግረ መንገደኛ

ወንዝ ነዋ! ቶካይዶ ሜዳ ቢሆንም ትልልቅ ወንዞችን ያቋርጣል። ለምሳሌ በኦኢ ወንዝ ላይ መንግሥት ድልድይ አላሠራም፤ ጀልባም አልፈቀደም። መንገደኛው በሰው ትከሻ ወይም በቃሬዛ ነበር የሚሻገረው። ውሃው ሲሞላ መሻገር ይከለከላል። ሰው ወንዙ እስኪጎድል ቀናት ይቆያል። የማረፊያ ወጪው ይከመራል። ናካሴንዶ ይረዝማል፣ ዳገት ይበዛዋል፣ ግን ቀኑን ቆጥረህ መድረስ ትችላለህ።

በኪሶ በኩልም አደገኛ ቦታ አልጠፋም። አጌማጹ አካባቢ መንገዱ ከገደሉ ጎን በተሰካ የእንጨት ርብራብ ላይ ነበር የሚያልፈው፤ ከሥሩ ኪሶ ወንዝ። በ1647 ከመንገደኛ ችቦ በወጣ እሳት ተቃጠለ። በሚቀጥለው ዓመት ሥሩ በድንጋይ ካብ ተሠራ። ካቡ ዛሬም በከፊል ይታያል።

ሌላው የመንገዱ ጥቅም ጸጥታው ነው። በ1861 የንጉሠ ነገሥት ኮሜይ እህት ካዙኖሚያ ለሾጉኑ (አገሩን ለሚገዛው የቶኩጋዋ ጦር አለቃ) ለኢዬሞቺ ስትዳር ከኪዮቶ ወደ ኤዶ የመጣችው በዚህ በኩል ነው። ገና 15 ዓመቷ ነበር። ጋብቻውን የማይፈልጉ ጽንፈኞች ስለነበሩ በቶካይዶ መሄድ አስፈርቷል። ወንዞቹም ሌላ ስጋት ነበሩ። አጃቢው በአስር ሺዎች ይቆጠራል። ከአንድ ከተማ አልፎ እስኪያልቅ ቀናት ይፈጅ ነበር። ጉዞዋ ከሦስት ሳምንት በላይ ወስዷል፣ በፁማጎም አልፋለች።

የዚህች ልጅ ታሪክ አንጀት ይበላል። ከዚያ በፊት ታጭታ የነበረችው ለልዑል አሪሱጋዋ ታሩሂቶ ነው። እጮኝነቱ ፈረሰ። ባሏ ሾጉኑ በ1866 ሞተ። በ1868 የንጉሠ ነገሥቱ ጦር የቶኩጋዋዎችን መንግሥት ጥሎ ኤዶን ሊይዝ ሲመጣ የጦሩ የበላይ አዛዥ ማን ነበር? ያ የቀድሞ እጮኛዋ! ከጦሩ አንዱ ክፍል ደግሞ የመጣው እሷ በሙሽርነት ባለፈችበት በናካሴንዶ ነው።

ዋርካ ሥር

ልጆች፣ ጥሩ ውይይት ነው። እኔ ዕድሜዬን የታሪክ መምህር ሆኜ ነው የኖርኩት። ስለ ልዕልቶች ስናወራ ጭነቱን ማን እንደተሸከመ እንዳንረሳ ብዬ ነው የምጽፈው።

እያንዳንዱ ማረፊያ ከተማ በየቀኑ ዝግጁ የሚያደርገው ሰውና ፈረስ በሕግ ተወስኖበት ነበር። ቶካይዶ ላይ 100 ሰውና 100 ፈረስ። ናካሴንዶ ላይ 50 ሰውና 50 ፈረስ። የኪሶ ከተሞች ድሆች ስለነበሩ ወደ 25 ሰውና 25 ፈረስ ዝቅ ተደረገላቸው። 25 ቀላል ይመስላል። ግን ከላይ የተባለውን አስታውሱ። ፁማጎ 418 ሰው ናት፤ ሕፃኑ፣ ሽማግሌው፣ ነፍሰ ጡሯ ሁሉ ተቆጥሮ። ከዚህ ውስጥ በየቀኑ 25 ጎልማሳ ከነፈረሱ ማቆም ምን ማለት እንደሆነ ገበሬ ቤት ያደገ ሰው ያውቀዋል።

ያ አልበቃ ሲል በዙሪያው ያሉ መንደሮች ይጠራሉ። ይህ ሱኬጎ ይባላል። ገበሬው በአዝመራ ሰዓት ማጭዱን ጥሎ ፈረሱን ይዞ ይመጣል። ብዙ ጊዜ መንደሩ ሩቅ ነው። ለመሄድ አንድ ቀን፣ ለመመለስ አንድ ቀን። የሚከፈለው ደግሞ የሚበላውን አይሸፍንም። ካዙኖሚያ ስታልፍ ከሩቅ ሸለቆዎች ሳይቀር ሰው ተጠርቷል። በኅዳር ብርድ።

ሕዝቡም ዝም አላለም። በ1764 መጨረሻ መንግሥት ለቶኩጋዋ ኢያሱ 150ኛ ሙት ዓመት ጉዞ ሲል በናካሴንዶ ዙሪያ ያሉ ተጨማሪ መንደሮችን በዚህ ግዴታ ውስጥ ሊያስገባ ሞከረ። በኤዶ ሰሜን ምዕራብ ያሉ ገበሬዎች ተነሡ። 200 ሺህ ያህል ሰው እንደወጣ ይነገራል። ወደ ኤዶ መገስገስ ጀመሩ። መንግሥት ደንግጦ ትእዛዙን አነሣ። በቶኩጋዋ ዘመን ከታዩት የገበሬ አመፆች ትልልቆቹ ውስጥ ይቆጠራል፣ መነሻውም መንገድ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ቱሪስቱ «እንዴት ያምራል!» ሲል እኔ የሚታየኝ ያ ጭነት ነው። ከተማዋ አታምርም ማለቴ አይደለም። ታምራለች። ግን ታሪኳ ሲነገር የባለ ፈረሱ ስም ይግባበት።

ጥያቄ አለኝ

ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። ይህን ጨርሶ አላውቅም ነበር። ሴቶችስ? በዚህ መንገድ ሴት እንደ ልቧ ትሄድ ነበር?

ዋርካ ሥር

እንደ ልቧማ አትሄድም። ከፁማጎ ወደ ኤዶ አቅጣጫ ስትሄድ ኪሶ ፉኩሺማ የሚባል ቦታ ትልቅ ኬላ ነበር። በአገሩ ካሉት አራት ዋና ኬላዎች አንዱ ነው። ያማሙራ የሚባል ቤተሰብ ነው ከአባት ወደ ልጅ እየተቀባበለ ያስጠበቀው። ኬላው በተለይ ሁለት ነገር በጥብቅ ይፈትሻል። ወደ ኤዶ የሚገባ ጠመንጃና ከኤዶ የምትወጣ ሴት። ጠመንጃ አመፅ ነው። ከኤዶ የምትሸሽ ሴት ደግሞ በመያዣነት የተቀመጠች የመስፍን ሚስት ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ ሴት መንገደኛ መልኳ፣ ፀጉሯ፣ ምልክቷ የተጻፈበት ወረቀት መያዝ አለባት። ወረቀቱና ሰውየዋ ካልተመሳሰሉ አታልፍም። ኬላው በ1869 ቀረ።

የእንጨት ሰው

እኔ የእንጨት ሥራ ላይ ነኝ፤ ስለ ዛፉ ካላወራሁ ያመኛል።

ኪሶ ማለት ሂኖኪ ነው። የእኛው የፈረንጅ ጥድ ዘመድ ነው፤ ግን ቀጥ ያለ፣ ቀስ ብሎ የሚያድግ፣ ሽታው ደስ የሚል፣ ውሃና ምስጥ የማይደፍረው። የጃፓን ትልቁ መቅደስ ኢሴ በየ20 ዓመቱ ፈርሶ እንደገና ሲሠራ እንጨቱ በዋናነት የሚመጣው ከኪሶ ነው። ከ1615 ጀምሮ ይህን ደን የያዘው የኦዋሪ መስፍን ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ መንግሥትና ምሽግ ሲሠራ ተራራው ተራቆተ። መስፍኑ ያን ሲያይ ደኑን ዘጋ። በኋላ ላይ አምስት ዓይነት ዛፍ መንካት ጨርሶ ተከለከለ። «አንድ ሂኖኪ፣ አንድ ራስ» ይባል ነበር፤ ዛፉን የቆረጠ አንገቱ ይቆረጣል ነው። አስቡት፤ በዓለም ካሉት ምርጥ እንጨቶች አንዱ ከጓሮህ ቆሞ ቤትህን በሌላ እንጨት ትሠራለህ።

የፁማጎ ቤቶች ይህን ይናገራሉ። ሁለተኛው ፎቅ ከመጀመሪያው ትንሽ ወጣ ይላል። ፊት ለፊቱ ቀጫጭን የእንጨት ርብራብ ነው። የድሮው ጣሪያ ስስ ፍልጥ እንጨት ተነጥፎበት ነፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ ይጫንበታል። ያለውን ተጠቅመው ነው የሠሩት።

አሁን ኦኩያ የሚባለውን ቤት ተመልከቱ። የሃያሺ ቤተሰብ ዋኪሆንጂን ነው። የዛሬው ቤት የተሠራው በ1877 ነው፤ ማለትም የድሮው መንግሥት ወድቆ የዛፉ ክልከላ ከተነሣ በኋላ። ቤተሰቡ ምን አደረገ? ቤቱን በሂኖኪ ሠራው! ለዘመናት ያልተፈቀደላቸውን እንጨት በአንድ ቤት ላይ አፈሰሱት። ንጉሠ ነገሥት ሜጂ በ1880 ሲያልፍ እዚያ አርፏል። ውስጡ መሀል ላይ ምድጃ አለ። የምድጃው ጭስ ዓመት ሙሉ እንጨቱን ያጠቁረዋል፣ ከነቀዝም ይጠብቀዋል። በክረምት ፀሐይዋ ዝቅ ስትል በመስኮቱ ርብራብ ገብታ ጭሱ ላይ በቀጫጭን መስመር ትሰነጣጠቃለች። በፎቶ ብቻ አይቼው እንኳ እንጨት ለምን እንደምወድ አስታወሰኝ።

የመጨረሻ ነገር። ክልከላው ተነሣ ስል ገበሬው ደኑን አገኘ ማለት እንዳይመስላችሁ። አዲሱ መንግሥት ደኑን የመንግሥት ንብረት አደረገው። በጎረቤት ከተማ በማጎሜ የሆንጂኑ የመጨረሻ ባለቤት ሺማዛኪ ማሳኪ ለሕዝቡ ተከራከረ። «ድሮ የነበረን የመጠቀም መብት ይመለስልን» ብሎ አቤቱታ አቀረበ። በ1873 ከሹመቱ ተነሣ። በሚቀጥለው ዓመት ቶኪዮ ላይ ግጥም የጻፈበትን ማራገቢያ በንጉሠ ነገሥቱ ሠረገላ ላይ ወረወረ። ኋላ አእምሮው ታወከ። ቤተ መቅደስ ሊያቃጥል ሲል ተይዞ ቤት ውስጥ ተዘጋበት፣ በ1886 እዚያው ሞተ። ልጁ ከታላላቅ የጃፓን ደራስያን አንዱ የሆነው ሺማዛኪ ቶሶን ነው። እናቱ ደግሞ የፁማጎ ሆንጂን ልጅ ናት።

እግረ መንገደኛ

የእንጨት ሰው፣ እግዜር ይስጥልኝ። የማሳኪን ታሪክ አንተ ባታነሳው እኔ ላነሳው ነበር። ለዚህ ሰው የአዲሱ ዘመን መምጣት ደስታ ነበር፤ አዲሱ ዘመን ግን አልሰማውም።

ለከተማዋም እንደዚያው ነው የሆነው። በ1870 የሆንጂን ሥርዓት ቀረ። በ1872 የማረፊያ ከተሞች ሥርዓት በሙሉ ተሰረዘ። መስፍን የለም፣ ሰልፍ የለም። ከዚያ አዲስ መንገድ በኪሶ ወንዝ ዳር ተቀየሰና ፁማጎን ወደ ጎን ተዋት። በ1911 የቹኦ ባቡር መስመር በሸለቆው ተከፈተ። ጣቢያው የተሠራው ከፁማጎ በእግር አንድ ሰዓት ያህል በሚርቅ ቦታ ነው። 31 ማረፊያ የነበራት ከተማ መንገደኛ የሌላት ሆነች። አንዳንዱ ሐር ትል አረባ፣ አንዳንዱ ደን ውስጥ የቀን ሥራ ገባ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወጣቱ ወደ ናጎያና ቶኪዮ ፈለሰ። በ1960ዎቹ ጣሪያው የሚያፈስ፣ ባለቤቱ የሌለ ቤት በዛ።

ድህነቷ ነው ያተረፋት የሚሉ አሉ። ገንዘብ ስለሌለ ማንም አላፈረሳትም፣ በሲሚንቶም አልሠራትም። ይህ ግማሹ ብቻ ነው። ድሃ ሆነው የጠፉ ማረፊያ ከተሞች ብዙ ናቸው። ፁማጎ የተረፈችው ሰዎች ቁጭ ብለው ስለወሰኑ ነው። መጀመሪያ ነዋሪዎች የድሮ ዕቃና ሰነድ መሰብሰብ ጀመሩ። ኦኩያ በ1967 ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ። በ1968 የናጋኖ አስተዳደር የሜጂ ዘመን የጀመረበትን መቶኛ ዓመት ምክንያት አድርጎ ገንዘብ መደበ። ኦታ ሂሮታሮ የሚባሉ የሥነ ሕንፃ ታሪክ ፕሮፌሰር መሪ ሆኑ። ቴራሺታ ከሚባለው ሰፈር ጀምሮ በሦስት ዓመት ውስጥ ከ20 በላይ ቤቶች ተጠገኑ። በ1971 ነዋሪዎቹ በጋራ ቃል ገቡ። ቤታችንን አንሸጥም። አናከራይም። አናፈርስም። መሬቱም ደኑም በዚህ ውስጥ ነው።

ይህ እንግዲህ ፋብሪካ በየቦታው በሚተከልበት፣ የድሮ ቤት እንደ ኋላቀርነት በሚታይበት ዘመን ነው። መንግሥት እንኳ እንዲህ ላለ ሰፈር ሕግ ያወጣው በ1975 ነው። ፁማጎ በ1976 በዚያ ሕግ መጀመሪያ ከተመረጡት ሰባት ሰፈሮች አንዷ ሆነች። የተጠበቀው ቦታ 1,245 ሄክታር ያህል ነው። ለአንድ መንገድ ከተማ ይህ ሁሉ ሄክታር ለምን? ከመንገዱ ቀና ስትል የሚታየው ተራራ ሁሉ ስለተካተተ ነው።

ጥያቄ አለኝ

ይቅርታ፣ እዚህ ላይ ልከራከር። «አንሸጥም፣ አናከራይም» ጥሩ ነው። ግን ልጁ ሌላ ኑሮ ቢፈልግስ? የአባቱን ቤት ሸጦ ከተማ መግባት የማይችል ወጣት እስረኛ አይሆንም? ለቱሪስት ሲባል ሰው በሙዚየም ውስጥ ይኑር እንዴ?

ናጎያ ነዋሪ

ይህን ጥያቄ እኔም ብዙ አስቤበታለሁ። ናጎያ ስለምኖር እዚያ አካባቢ እሄዳለሁ።

ቃሉ የነዋሪዎቹ ነው፤ ከላይ የተጫነ አይደለም። ለምን እንደገቡትም ይገባኛል። ቱሪስት መምጣት ሲጀምር የውጭ ባለሀብት ቤት ለመግዛት ፈለገ። አንድ ቤት ለሆቴል ኩባንያ ቢሸጥ ጎረቤቱም ይሸጥ ነበር። ትርፉ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል፣ ቤቱ ይቀየራል፣ ነዋሪው ሠራተኛ ይሆናል። እነሱ ባለቤት ሆነው መቆየት መረጡ። የመኪና ማቆሚያው ገቢ እንኳ ለቤቶቹ እንክብካቤ እንዲውል ነው ያደረጉት። ዋናው መንገድ ላይ ቀን ቀን መኪና አይገባም። የኤሌክትሪክ ሽቦው ከቤቶቹ ጀርባ ነው።

ግን ጥያቄህ ልክ ነው፤ ዋጋ አለው። ወጣት ጥቂት ነው። ማረፊያ የሚያስተዳድሩት አብዛኞቹ ዕድሜያቸው የገፋ ነው። አንድ ባል ወይም ሚስት ሲሞት ቤቱ ሊዘጋ ይችላል። ማከራየት አይፈቀድም ከተባለ ደግሞ ከውጭ መጥቶ ሥራውን ልያዝ የሚል ወጣት ከየት ይገባል? እኔ ብጠየቅ መሸጡ እንደተከለከለ ይቆይ፤ ማከራየቱ ግን እዚያው ለሚኖር ሰው ይፈቀድ እላለሁ። የ1971 ቃል ያስፈራው ገዢው ኩባንያ ነበር። የዛሬው ስጋት ባዶ ቤት ነው።

ዋርካ ሥር

ልጄ፣ በዚህ አልስማማም። አንድ ጊዜ በር ከተከፈተ የሚገባው የታሰበው ሰው ብቻ አይሆንም። ከ50 ዓመት በላይ የጠበቃቸው ቃሉ ጥብቅ መሆኑ ነው። በየምክንያቱ እየተላላ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምንወያይበት ከተማ ባልኖረ።

ናጎያ ነዋሪ

ጋሼ፣ ስጋትዎን አከብራለሁ። ግን ሰው የሌለበት ቤት በጃፓን እርጥበት ስንት ዓመት ይቆማል? በሩ ያልተከፈተ የእንጨት ቤት ቶሎ ይበሰብሳል። የእንጨት ሰው ይመስክር።

የእንጨት ሰው

እመሰክራለሁ። ምድጃው ካልነደደ ነቀዝ ይገባል፤ ከላይ ያልኩት ነው። ቤት ሰው ይፈልጋል።

ስለ «ሙዚየም» ግን አንድ ነገር ልበል። የፁማጎ ሆንጂን በሜጂ ዘመን ፈርሶ ነበር። በ1995 በኤዶ ዘመን ፕላን መሠረት እንደገና ተሠራ። አንዳንድ ሰው «እንግዲያው ውሸት ነው» ይላል። እኔ አይመስለኝም። ያ አገር ትልቁን መቅደሱን በየ20 ዓመቱ ከመሠረቱ ይሠራል። የሚጠበቀው የአናጢው እጅ ነው። ፕላኑ ካለ፣ እንጨቱ ትክክለኛው ከሆነ፣ መጋጠሚያው በድሮው ዘዴ ከተቆረጠ፣ ያ ቤት የዕውቀቱ ቀጣይ ነው። ድሮ ነው ብሎ መዋሸት ነው ጥፋቱ። እነሱ ደግሞ የተሠራበትን ዓመት አልደበቁም።

ማጎሜም እንዲሁ ነው። በ1895ና በ1915 እሳት በላት። የሆንጂኑ ዋና ቤትም በመጀመሪያው እሳት ሄደ። የዛሬው ከተማ ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው። በሆንጂኑ ቦታ የቶሶን መታሰቢያ በ1947 የቆመው የመንደሩ ሰዎች በጉልበታቸው ሠርተው ነው። ጦርነት ያደቀቀው አገር፣ የሚበላ በጠፋበት ዓመት!

እግረ መንገደኛ

ናጎያ ነዋሪና ጋሼ ዋርካ የተከራከራችሁበት ነገር እዚያም ያልተቋጨ ይመስለኛል። እኔ በልቤ ወደ ጋሼ አደላለሁ፤ ግን የባዶ ቤቱ ጉዳይ ያሳስበኛል።

ለማነጻጸር ናራይን ማየት ጥሩ ነው። እሷም ኪሶ ውስጥ ናት፣ 34ኛዋ ማረፊያ። በ1843ቱ ቆጠራ 2,155 ሰውና 409 ቤት ነበራት። ማረፊያ ግን 5 ብቻ! የተቀረው ሕዝብ በእጅ ሥራ ነበር የሚተዳደረው፤ ማበጠሪያ፣ በላኬር (በሚያብረቀርቅ የዛፍ ሙጫ) የተቀባ ሳህንና ሳጥን። አንድ ኪሎ ሜትር የሚረዝም መንገድ ግራና ቀኝ ቤት ነው። መንገደኛው ሲቀር ናራይ የሚሸጥ ዕቃ ነበራት፣ ባቡሩም በአጠገቧ ነው የቆመው። ፁማጎ ሁለቱም አልነበራትም። ያላት ቤቶቿ ብቻ ነበሩ፤ ለዚህ ይመስለኛል ቃሏ እንዲህ የጠነከረው።

ጥያቄ አለኝ

አሁን ገባኝ። ወደ ክርክሩ ስመለስ እኔ ከናጎያ ነዋሪ ጋር ነኝ። እህቴ፣ ሄዶ ማየት ለሚፈልግ ሰው ምን ትመክሪያለሽ? ወንድሜ ጃፓን ለትምህርት ሊሄድ ነው፣ ልልክለት።

ናጎያ ነዋሪ

ከናጎያ በባቡር እስከ ናካጹጋዋ ይሂድ። ከዚያ በአውቶቡስ ማጎሜ። ከማጎሜ እስከ ፁማጎ በድሮው መንገድ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በእግር ሦስት ሰዓት ይበቃል። በዚህ አቅጣጫ መሄድ ይሻላል፤ ማጎሜ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነች ዳገቱ አጭር ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 800 ሜትር ገደማ ላይ ያለውን የተራራ ማለፊያ ከተሻገረ በኋላ ቁልቁለት ነው። መንገዱ ላይ ትልልቅ ደወሎች ተሰቅለዋል። ይደውላቸው፤ ድብ እንዲርቅ ነው። መሀል ላይ መንገደኛ ሻይ የሚጠጣበት አሮጌ ቤት አለ።

ፁማጎ ሲደርስ ቴራሺታ ሰፈር አጠገብ መንገዱ ሁለት ጊዜ በድንገት ይታጠፋል። ጦር ቢመጣ በቀጥታ እንዳይሮጥ ተብሎ የተሠራ ነው፤ እዚያ ጋ ቆም ይበል። ኦኩያን ሳያይ እንዳይመለስ፤ ጧት ቢገባ ይሻላል። ሱቆቹ አመሻሹ ላይ ቶሎ ስለሚዘጉ የሚበላውን ቀደም ብሎ ያስብበት። ጎሄይ ሞቺ የሚሉትን ይቅመስ፤ ሩዝ ተወቅጦ በእንጨት ላይ ተደርጎ፣ ዋልነት ከሚባለው ፍሬና ከአኩሪ አተር የተሠራ መረቅ ተቀብቶ ይጠበሳል። ማደር ከፈለገ አስቀድሞ ይያዝ፤ ክፍሎቹ ጥቂት ናቸው። ኅዳር አካባቢ ከሆነ ደግሞ እ.ኤ.አ ኖቬምበር 23 ቀን ነዋሪዎቹ የኤዶ ዘመን ልብስ ለብሰው በመንገዱ ላይ የሚሰለፉበት በዓል አለ። የባለ ፈረሱም ሆነ የሸክም ሠራተኛው ልብስ እዚያ ሰልፍ ውስጥ ይታያል፣ ጋሼ ዋርካ።

ዋርካ ሥር

ተባረኪ ልጄ። ልጁ ሲሄድ ፎቶ ያንሣና እዚህ ይለጥፍልን።